የኔታ በበቅሎ የለወጡት ዲናሞ

አውሮፕላን ለመሥራት ሞኝነት ይበቃል፤ ቢቸና ላይ አውሮፕላን ለመሥራት ግን ትንሽ ዓይን አውጣነትም ይጠይቃል። እኔ ዘንድ ሁለቱም ነበሩ። ደብረ ዘይት የአውሮፕላን ጥገና ተምሬ ጥቂት ዓመት ከሠራሁ በኋላ፣ አንዱ ጆሮዬ በሞተር ጩኸት ስለ ደነቆረ ተሰናብቼ አገሬ ገባሁ። የእህል ወፍጮ እየጠገንሁ ኑሮዬ ተደላደለ፣ ሚስትም አገባሁ። ሰው እፎይ ብሎ በሚቀመጥበት ጊዜ እኔ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ከጓሮዬ የአንድ ሰው አውሮፕላን ልሠራ ተነሣሁ።

ሞተሩ ገደል ገብታ ከተሰባበረች ትንሽ የጀርመን መኪና የወጣ፣ በውሃ ሳይሆን በነፋስ የሚቀዘቅዝ ነበር። ክንፉ እንጨት ሆኖ አቡጀዲ ለብሷል። ውልብልቢቱን ከዋንዛ ጠረብሁት። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «አንተ፣ ሰማይ አይታረስ ሲባል አልሰማህም?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። የተረቱን ሌላ ግማሽ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን፣ በዚያ ዘመን ለቀልድ የሚያነሣው አልነበረም።

ቀልዱን እችለው ነበር። ያልቻልሁት የአባቴን ዝምታ ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ እኔም በልጅነቴ ፊደል የቆጠርሁት እግራቸው ሥር ስለሆነ እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እላቸዋለሁ። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ምን እንደሚባል ማንም ያውቃል፤ ቡዳ ነው ተብሎ ልጁን የሚያገባ፣ ከማዕዱ የሚቀርብ የለም። ከአያት ከቅድመ አያት ካህን ሲወጣበት ከኖረ ቤት የመዶሻ ድምፅ መሰማቱ ለየኔታ ሞት ነበር። አልተቆጡኝም፣ አልረገሙኝም። ብቻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በእኔ ደጅ ማለፍ ትተው በታችኛው መንገድ መዞር ጀመሩ። እኔም በበቅሎአቸው ዳገቱን ሲወጡ ከሩቅ ባየሁ ቁጥር መዶሻዬን አስቀምጣለሁ፤ ካለፉ በኋላ አነሣዋለሁ። ሚስት ያገባሁ፣ ጢም ያወጣሁ ሰው ከአባቴ ተደብቄ መዶሻ እይዝ ነበር።

በመጨረሻ የቀረኝ ዲናሞ ነበር። ነዳጁን የሚያቀጣጥለው የዚያ ሞተር ካንዴላ እሳት የሚያገኘው ከባትሪ ነው፤ ባትሪውን የሚመግበው ደግሞ ዲናሞ ነው። ዲናሞ ከሌለ ባትሪው እየደከመ ይሄድና ሞተሩ ጸጥ ይላል። መኪና ቢሆን ወርዶ መግፋት ይቻላል፤ ሰማይ ላይ ግን ግፉልኝ የሚባል ሰው የለም። ሞተሩ ከራሱ ጋር የመጣ ዲናሞ ነበረው፤ ነገር ግን ከነመቆሚያው ከባድ ነው። አገራችን ደጋ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር እንደ ቆላው አይተነፍስም፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ክብደት ዋና ጠላቴ ሆነ። የመቀመጫውን እንጨት ፍቄ አሳሳሁ፤ ራሴም ከባድ ጫማ ላለማድረግ ወስኜ ነበር። ከሞተር ብስክሌት የተፈታ ዲናሞ ሞከርሁ። ቀላል ነው፤ የሚሰጠው ኃይል ግን ባትሪውን አያጠግብም።

በመጨረሻ ሉማሜ ገበያ፣ አሮጌ ብረታ ብረት ከሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ፣ ከትንሽ የጃፓን የእርሻ ሞተር የተፈታች ዲናሞ አገኘሁ። የቲማቲም ጣሳ ታህላለች። ውስጧ የሚሽከረከረው ማግኔት ነው፤ ቶሎ የሚያልቅ፣ ቶሎ የሚቃጠል ነገር የላትም። ወፍጮ ቤት ወስጄ በቺንጋ ከወፍጮው ሞተር ጋር አገናኘኋት፣ አምፖል አሰርሁባት፣ አምፖሉ ቦግ አለ። በአንድ መዳፌ ይዣት ቤት ገባሁና ብቻዬን ሳቅሁ።

«ይህች ናት እስከ ዛሬ እንቅልፍ ያሳጣችህ?» አለችኝ ሚስቴ።

«ይህች ናት። ከዚህ የተሻለ አይገኝም» አልኋት።

በዚያው ሰሞን የኔታ በበቅሎአቸው ሞጣ ሄደው ነበር። በወጣትነታቸው ቅኔ የተማሩበት ደብር እዚያ ስለሆነ፣ ለንግሥ የሄዱ መስሎን አልጠየቅንም። አንድ ከሰዓት በኋላ የአጥሬ በር ተንኳኳ። ስከፍት የኔታ ናቸው። መዶሻ ከያዝሁ ወዲህ ደጄን ረግጠው አያውቁም። ነጩ ጋቢያቸው በግራሶ ተጨማልቋል፣ ላቡ በጢማቸው ላይ ይወርዳል፣ በጋቢያቸው ጫፍ የተጠቀለለ ነገር በትከሻቸው ተሸክመዋል። ከኋላቸው ሁለት ተማሪዎች ባዶ እጃቸውን ቆመዋል፤ ከመኪናው መውረጃ ጀምሮ እንቀበልዎ ብለው ቢለምኑ እምቢ ብለዋቸዋል። ሸክሙን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያሳርፉት ጠረጴዛው ጮኸ።

«ዲናሞ አጥቶ ሥራው ቆመ ሲሉ ሰማሁ» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ይኸው።»

ገለጥሁት። የትልቅ የጭነት መኪና ዲናሞ ነው። የጠቦት ያህል ይከብዳል።

«የሞጣው ሻጭ ትንሽም ነበረው። ለልጄ ነው፣ ትልቁን አምጣ አልሁት።»

«በቅሎዋስ የኔታ?»

«በቅሎ ምን ያደርግልኛል? ቤተ ክርስቲያኑ እንደሆነ ደጄ ላይ ነው።»

ይህን ብለው ወደ አውሮፕላኑ ሄዱ። መጀመሪያ ክንፉን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት፤ ከዚያ ሙሉ መዳፋቸውን አሳረፉበት። «እንግዲህ ከጀመርኸው ጨርሰው። እግዚአብሔር ይርዳህ» አሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ «እንዲህ ያለውን ነበር የምፈልገው» አልሁ። ምላሴ ይህን ሲል ጭንቅላቴ ክብደቱን እያሰላ ነበር።

እንደ ወጡ ሚስቴ «ንገራቸው» አለችኝ። «ዛሬ ካልነገርሃቸው መቼም አትነግራቸውም።»

«በቅሎአቸውን ሰጥተው ያመጡትን አይሆንም ልበላቸው?»

«አዎ። አባት እኮ ናቸው፣ የአውራጃ ገዢ አይደሉም።»

እውነቷን ነበር፤ አልሰማኋትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔታ ለለቅሶም ለተዝካርም ጃንጥላቸውን ይዘው በእግራቸው ሲሄዱ አያቸዋለሁ። በዕውቀት የእሳቸውን እግር የማያህሉ ሰዎች በበቅሎ ሲመጡ፣ ከመንገዱ ዳር ዘወር ብለው ያሳልፏቸዋል። ይህን ባየሁ ቁጥር የነበረችኝ ትንሽ ድፍረት ትበናለች። ይሉኝታ ይሉታል ሰዎች፤ የጨዋ ልጅ ምልክት ነው ብለውም ያሞግሱታል። እኔ የማውቀው ይሉኝታ ግን ፈሪ የሚለብሰው የክት ልብስ ነው።

መጀመሪያ ከልቤ ሞክሬ ነበር። ትልቁን ዲናሞ ሞተሩ ላይ ሳስረው የብረት መያዣው ተጣመመ፤ አውሮፕላኑም አፍንጫውን ወደ መሬት ደፋ። በዚያ ሁኔታ ከሣር በላይ እንደማይነሣ ግልጽ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን በሩን ዘግቼ ትልቁን ፈታሁት። የሚሽከረከረውን ልቡን አወጣሁ፤ በዙሪያው የተጠመጠመውን የመዳብ ሽቦ ገፈፍሁ፤ ቅርፊቱንም ከውስጥ ሞርጄ አሳሳሁት። ከውጭ ሲታይ እንደ ነበረ ነው። ሰው ሁሉ በሚያየው በኩል፣ ሞተሩ ፊት ለፊት አሰርሁት። የምትሠራውን ትንሿን ደግሞ ከሥር፣ በቆርቆሮ ከልዬ አስቀመጥኋት። ሚስቴ ገብታ መሬት ላይ የተከመረውን መዳብ አየች። «የአባትህን አንጀት ነው የዘረገፍኸው» ብላኝ ወጣች።

የኔታ በታችኛው መንገድ መዞር ተዉ። በየሁለት ሦስት ቀኑ ጎራ ይላሉ። ቅርፊቱን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉና «ይሠራል?» ይሉኛል። «ይሠራል የኔታ» እላለሁ። አንድ ቀን ብረት እንዴት መብራት እንደሚወልድ ጠየቁኝ። ማግኔቱ ሲዞር መዳቡ ውስጥ ኃይል እንደሚነሣ፣ ኃይሉ በሽቦ ወደ ባትሪው እንደሚሄድ ነገርኋቸው። መምህር ናቸውና ሳይገባቸው አያልፉም፤ ደግመው ጠየቁ፣ ደግሜ ነገርሁ። በሌላ ቀን እንግዳ ይዘው መጥተው፣ አንዲት ቃል ሳይስቱ ያልኋቸውን ሁሉ አስረዱት። ጣታቸውን የቀሰሩት ግን ባዶው ላይ ነው። እኔ ብሎን የማጠብቅ መስዬ አጎነበስሁ፤ ፊቴ እንዳይታይ።

የባሰው ደግሞ የከተማው ሰው ነው። የኔታ ከፈቀዱለት ነውር አይደለም ማለት ነው ብሎ፣ እጄን ለመጨበጥ ይጠየፍ የነበረው ሁሉ ይስመኝ ጀመር። ያ ባዶ ብረት ማዕድ አስቀረበኝ። በየሰዉ ቤት ስበላ በምን እንደተጠራሁ አውቃለሁ፤ ግን እበላለሁ።

ቢቸና ለመነሻ የሚሆን ሜዳ አልተገኘም። ሞጣ ግን መንገደኛ የሚያመላልሱ አውሮፕላኖች አልፎ አልፎ የሚያርፉበት የሣር ሜዳ ነበር። ለፈቃዱ ደጅ ጠንቼ፣ ክንፉን ፈትተን በጭነት መኪና ወሰድነው። የኔታ ጋቢና ተቀምጠው መጡ። በመንገዱ ሁሉ ለሾፌሩ ስለ ዲናሞ ሲያስረዱት፣ ሾፌሩም የማያውቅ መስሎ «አሃ፣ እንዲህ ነው ለካ!» ሲላቸው፣ ከኋላ ጭነቱ ላይ ሆኜ በክፍቱ መስኮት እሰማለሁ።

በዕለቱ ገበያተኛው፣ ተማሪው፣ ካህኑ ሜዳውን ከበበው። ፖሊሶች ከሜዳው ላም ሲያባርሩ ረፈደ። ሞተሩን አስነሣሁ። ሣሩ ላይ እየዘለልሁ ሮጥሁ፣ ሮጥሁ፤ አይነሣም ብዬ ተስፋ ስቆርጥ መንኮራኩሩ መንገጫገጩን ተወ። ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ በላይ ወጣሁ፣ የደብሩን ጉልላት አንድ ጊዜ ዞርሁ፣ ወረድሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እልልታው በደህናው ጆሮዬ ብቻ ሳይሆን በደነቆረውም የሰማሁት መሰለኝ።

ሞተሩን ሳጠፋ የኔታ ሰውን ገፍተው አጠገቤ ደረሱ። ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ ጉባኤ ላይ ቅኔ ሲያሰሙ በሚያወጡት ድምፅ «ስሙኝ!» አሉ። «ልጄ ሲነሣ ለዚህ ደብር ተስያለሁ። በሰላም ከወረደ፣ ያመጣሁለት ዲናሞ የታቦቱ ነው ብያለሁ። ደብሩ በስጦታ ያገኘው ሞተር አለው፤ የጎደለው ዲናሞ ነው። ለንግሥ መብራት ይብራበት!»

ሕዝቡ እልል አለ። የኔታ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በለሆሳስ «ወጥተህ ወረድህ፣ ይበቃል። ሁለተኛ እንዳትወጣብኝ ብዬ ነው» አሉኝ።

«ነገ ፈትቼ አመጣዋለሁ የኔታ፤ ሞተሩ ግሏል» አልሁ።

«ስለት አይቀጠርም። አሁኑኑ ፍታው።»

መፍቻ አወጣሁ። ሕዝቡ ተጠግቶ እጄን ያያል። የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ ቅርፊቱን በሁለት እጄ አቀፍሁት፤ ወገቤን አጎበጥሁ፤ እንደሚከብድ ሆኜ አቃሰትሁም። አቃሰትሁ! ከሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ ፊቴን የሚያቀላው ያ ማቃሰት ነው።

የኔታ እግራቸውን ተክለው፣ ክንዳቸውን አጠንክረው ተቀበሉኝ። ያን ብረት በትከሻቸው የተሸከሙ ሰው ናቸው። ቅርፊቱ እጃቸው ላይ ሲያርፍ፣ ለክብደት የተዘጋጁት ክንዶቻቸው ወደ ላይ ተወረወሩ። ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረም፤ መንገድ የጠፋው ሰው አስተያየት ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው ክንዳቸውን ዝቅ፣ ወገባቸውን ጎበጥ አደረጉ። «ኡፍ» አሉ፣ ሰው እንዲሰማ።

ጎረምሶች ሮጡ። «የኔታ፣ እኛ እንያዝልዎ!»

«ተዉ፣ ስለት ነው። ባለ ስለቱ ነው የሚያደርሰው።»

ከሜዳው እስከ ደብሩ ደጅ ያን ባዶ ነገር አቅፈው፣ እየቆሙ፣ እያረፉ፣ የሌለ ላብ ከግንባራቸው እየጠረጉ ሄዱ። ሰው ለስለቱ ክብር ብሎ ራቅ ብሎ ይከተላል። እኔ ከኋላቸው ነኝ። ከደብሩ በር ጥግ ሲደርሱ፣ ሰዎች ካህናቱን ሊጠሩ ቀድመው ገቡና ለጥቂት ጊዜ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ቅርፊቱን ድንጋይ ላይ አሳረፉት።

«ውስጡስ?» አሉኝ።

«አወጣሁት የኔታ። ከብዶ አላስነሣ አለኝ። የምትሠራው ሌላ ናት።»

«ትንሽ ናት?»

«ትንሽና ቀላል። አውሮፕላን የሚፈልገው እንደዚያ ያለውን ነው።»

ባዶውን ቅርፊት በመዳፋቸው መታ አደረጉት። «እኔ እኮ ለሰው ሲሰጡ ትልቁን ነው ብዬ ነው» አሉ። «አስቸገርሁህ ልጄ።»

እሳቸው እኔን! ልናገር አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ። «ሰው ፊት ተሸከምሁልህ። ታቦት ፊት ግን ባዶ ይዤ አልገባም። እኔ እናገራለሁ፤ አንተ ዝም በል።»

ዝም አልሁ። ለአባት መታዘዝ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ገበዙና ካህናቱ ወጡ፤ ሕዝቡም ደረሰ። የኔታ ቅርፊቱን በአንድ እጃቸው ብቻ ከፍ አድርገው አሳዩ። «አባቶቼ፣ ይህ ነገር ባዶ ነው። የማላውቀውን ዕቃ ሄጄ፣ በበቅሎዬ ለውጬ ያመጣሁ እኔ ነኝ። ስለቴ ስለት ነው፤ ሌላ እስክተካ ታገሡኝ።»

አንዱ ፈገግ አለ፣ ሌላው በነጠላው አፉን ሸፍኖ ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ኋላ እየተላለፈ ሄደ። «በቅሎን ያህል ነገር በባዶ ጣሳ!» አለ አንዱ። «ታዲያ ለዚህ ነው እንዲያ የጎበጡት?» አለ ሌላው። «ቅኔውን እንጂ ገበያውን የት ያውቁታል!» ጉባኤ ላይ በአንዲት ቃል ባላንጣቸውን የሚያስቀምጡ ሊቅ መሬት መሬቱን ያያሉ። ከሚስቁት መካከል ጥንት አብረዋቸው የተማሩ ሽማግሎች ነበሩ።

ወደ ሜዳው ሮጬ ትንሿን ዲናሞ ፈታሁ፣ ይዤ ተመለስሁ፣ በገበዙ እጅ አስቀመጥኋት። «ያበረረችው ይህች ናት። ትሠራለች» አልሁ። ከዚያ የቀረውን ልናገር ነበር። ነበር እላለሁ። ገበዙ ግን ትንሿንና ትልቁን ተራ በተራ አይተው የራሳቸውን ፍርድ ሰጡ።

«አያችሁ?» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «አባቱ ተታልለው ባዶ ቢያመጡለት ይህ ልጅ ገመናቸውን ሸፈነ። እንዳይከፋቸው ብሎ ባዶውን ፊት ለፊት አሰረላቸው። አሁን ደግሞ ስለታቸውን ከፈለላቸው። ልጅ ማለት እንዲህ ነው!»

ሳቁ ቆመ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዲት ባልቴት ቀረብ ብላ እጄን ሳመችኝ።

«እንደዚህ ያለ ልጅ ለሁላችንም ይስጠን» አሉ ገበዙ።

«አሜን» አለ ሕዝቡ።

የኔታን አየኋቸው። ባዶውን ብረት እንደያዙ፣ ዝም እንድል በዓይናቸው ለመኑኝ። ከዚያ ከሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አሜን!» አሉ። እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ አሜን አልሁ።